ካለፈው ላይ ቀኑን ብቻ

ማራኪ በር ፊት ለፊት፣ ከባጃጆቹ ተራ፣
የኔ ቤት ናት ጠባቧ፣ ሌሊት ሳይቀር የምታበራ።
ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ጥራዝ፣ ባነር፣ ላሚኔሽን፤
አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያቀፍኩት አንድ ማሽን።
ምን ታስቢያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ባይኖርም፣
ሳላነበው ከእጄ የወጣ ወረቀት አልነበረም።

ሰኔ ሲገባ ይመጣሉ፣ ፍላሽ አንገታቸው ላይ አስረው፣
ዐይናቸው እንቅልፍ የናፈቀ፣ የምረቃ ሱፍ ተበድረው።
«እትዬ አስረበብ፣ ነገ ነው፤ ጥቁር ሽፋን፣ የወርቅ ፊደል!»
እጠርዛለሁ። እጄ ዝም ይላል፤ ዐይኔ ግን ዝም አይል።

አምና እንዳላማው የሚሉት፣ ደግ ልጅ፣ ሰላምታ ዐዋቂ፣
ስለ ቀሐ ወንዝ ጽፎ መጣ፤ መቶ አሥር ገጽ፣ ተጠንቃቂ።
ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ቀሐ ድንገት ሐይቅ ሆነ፤
ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን ይዞ በወንዛችን ላይ ባዘነ።
ጉማሬም አለበት!
ሐዋሳን በጎንደር ሲተካ፣ አንዱን ቦታ ረስቶት።
ነገርኩት። ሳቀ። «እትዬ፣ እሱን ገጽ ማን ያነበዋል?
አማካሪው ፈርሟል፣ ፈታኙም ፈርሟል፣ ዲኑም ፈርሟል።»
እውነቱን ነው። ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ፣
አሥረኛን ያልጨረስኩት፣ ጥቁር ካባ የሌለኝ።

ደግሞስ በማን ልፍረድ? አማካሪው (ስማቸው ይቅር፣ ስማቸው)
ማታ ማታ ባጃጅ ይነዳሉ፤ አራት ናቸው ልጆቻቸው።
አንድ ሌሊት አዘዞ ወሰዱኝ፤ ሒሳብ አልቀበልም አሉኝ፤
ስወርድ፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ «ለማንም እንዳትነግሪብኝ»።
ይኸው ነገርኩ።

የመንግሥት ሰው ደግሞ አለ፣ በነጭ መኪና የሚመጣ፤
ለስብሰባው ባነር፣ ለሰላም ኮንፈረንሱ፣ ለሆነው ላልሆነው ጣጣ።
«ካለፈው ላይ ቀኑን ብቻ ቀይሪው» ይላል፣ ስልኩን ሳያወርድ ከጆሮው፤
እቀይራለሁ። ሁለተኛው ዙር ሦስተኛ ይሆናል፤
ርግቧ ያው፣ የተጨባበጡት እጆችም ያው።
ርግቧ ግን ጠቆረች።
ከኮፒ ኮፒ ስትቀዳ፣ ቁራ መሰለች።

የኔዋ ትርንጎ ሌላ ጉድ! ስልኳን ግንቡ ሥር ታቆማለች፣
የማታውቃትን ልጅ እስክስታ አይታ፣ ያንኑ በዚያው ትደግማለች።
አምስት መቶ ልጅ፣ ያንኑ ትከሻ፣ ያንኑ ጥቅሻ፣ ያንኑ ሳቅ፤
የነገሥታቱ ግንብ ከኋላ፣ እንደ ፎቶ ቤት ጨርቅ።
ተቆጣሁ። «እማ፣ አንቺስ ምንድን ነው ሥራሽ?» አለችኝ።
አፌን ዘጋሁ፤ ማሽኑ ብቻ ቀዳ ቀዳ እያለ ሳቀብኝ።

ማክሰኞ ነው። ኔትወርኩም መንገዱም በተዘጋ ቀን፣
አንዲት እናት ገቡ፤ ጉርድ ፎቶ አወጡ፣ ፈትተው መሐረባቸውን።
«ልጄን አሳድጊልኝ» አሉ። የት እንዳለ አልጠየቅኩም፤
እንዲህ ያለ ነገር እኛ ጋ በር ተከፍቶ አይጠየቅም።
በልማዴ የ«ነፍስ ይማር»ን ፋይል ከፈትኩ፣
መስቀሉም ሻማውም ዝግጁ ነው፤ «ቀኑን መቼ ልበል?» አልኩ።
«ቀን የለውም።»
ዝም አልን።
«ሻማውን አጥፊው ልጄ፤ ሞተ ያለሽ ማን ነው?
ፊቱን ብቻ አትሚልኝ፤ ቀኑን እሱ ሲመጣ ይሙላው።»

ቀን ቀይሪ፣ ቀን ቀይሪ ሲሉኝ ኖሬ፣
ቀን የሌለው ወረቀት ገና ያን ዕለት ወጣ ከበሬ።
አንድ ቅጂ። ሁለተኛ አልቀዳሁም።
ሒሳብ ሲሉኝም አልተቀበልኩም፤
እንደዚያ እንደ ባለ ባጃጁ መምህር፣ አንገቴን ሰብሬ፣
«ለማንም እንዳይነግሩብኝ» አልኩ።
ደግሞ መብራት ሄደ።

በማግስቱ ነጯ መኪና ቆመች።
«አራተኛው ዙር ነው፤ ካለፈው ላይ...»
«ርግቧ ጠቁራለች» አልኩት።
ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣
«ከሩቅ አይታይም» አለኝ።